የቀራንዮው ሽቅብ ቁልቁል

ተረት ተረት!
የመሠረት!

ከዕለታት አንድ ቀን በኮልፌ ቀራንዮ ዳገት፣ ወጨጫ ተራራን ከጀርባቸው አድርገው የሚኖሩ እንስሳት ስለ ልጆቻቸው ሊመክሩ ተሰበሰቡ። የሰፈሩ ግልገሎች መጫወት ሲያምራቸው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ቦሌ፣ ቦራ ፓርክ ድረስ መሄድ ነበረባቸው፤ ይህ ደግሞ ከብዙ ወላጆች አቅም በላይ ነበር። ስለዚህ ከዳገቱ አናት ተነሥቶ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ የሚወርድ የሐዲድ መጫወቻ ሊሠሩ ወሰኑ። ሰዎች ሮለር ኮስተር የሚሉትን እነሱ “ሽቅብ ቁልቁል” አሉት።

አያ ጃርት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ፍልፈል መሠረቱን ሊቆፍር፣ ዝንጀሮዎች ምሰሶውን ሊያቆሙ ተስማሙ። ብረቱን የሚያመጡት በየመስከረሙ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ሽመላዎች ናቸው፤ ከማር በቀር ሌላ ክፍያ አይቀበሉም። አያ ጃርት ድንጋይ ላይ ወጥቶ “ለመጪው መስቀል ልጆቻችን ይሳፈራሉ!” ሲል እልልታው ዳገቱን ሞላው።

መስቀል መጥቶ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሜዳው ላይ ግን ከጥቂት ምሰሶዎች በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

የሥራው ደጋፊዎች በየምሽቱ በቀራንዮ መድኃኔዓለም አጥር ጥግ ባለው አሮጌ ጽድ ሥር እየተሰበሰቡ ይከራከሩ ጀመር።

“ምሰሶው ዛሬም ያው ነው፤ ከባለፈው ወር አንድም አልጨመረም” ይላል ቁራ።

“ለፋሲካ ያልቃል፤ ልቤ ነግሮኛል” ትላለች ቆቅ።

“ብረቱማ ተሽጧል! የሸጠውንም አውቃለሁ” ትላለች እመት ጦጢት። ማን እንደሆነ ሲጠይቋት ግን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ትዘላለች።

“እኔ ሰበብ አልሰማም። እስከተሠራበት ድረስ እንሳፈር!” ይላል አያ ጅቦ።

ተስፋ ያደረጉት “ተላላ”፣ የተጠራጠሩት “ምቀኛ” እየተባሉ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ። አያ ጃርትም ጥያቄ በሰማ ቁጥር እሾሁን አቁሞ ያልፍ ነበር።

አንድ ምሽት፣ ሥራው ሲጀመር ገና ግልገል የነበረና አሁን ቀንዱ ብቅ ማለት የጀመረ ሚዳቋ “ለመሆኑ ከመካከላችሁ ፍልፈልን የጠየቀ አለ?” አለ። ሁሉም ዝም አሉ። በማግሥቱ ማለዳ ተያይዘው ሄዱ።

ፍልፈል ከጉድጓዱ ወጥቶ እንዲህ አላቸው፦ “የታችኛው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ያቆምናቸው ምሰሶዎች በአንድ ክረምት ዘመሙ። ስለዚህ ነቅለን ዐለት እስክናገኝ ወደ ታች ቆፈርን። እናንተ የምትቆጥሩት ከመሬት በላይ ያለውን ነው፤ የኛ ድካም ያለው ከመሬት በታች ነው። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም፤ አያ ጃርትም ተናገር አላለኝም።”

ከዚያ አያ ጃርትን ጽዱ ሥር አስጠሩት። እሱም እሾሁን አቁሞ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ታገሡ” አላቸው።

ይህን ጊዜ ጽዱ ተናገረ። “ልጄ፣ እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው፤ ዝም ተብሎ የተተወማ ይገማል። እኔ መዘግየትን አውቃለሁ። በወጨጫ ላይ ያሉት የሱባ ጽዶች፣ ዘራቸው ከወፍ ዋሻ ደን መጥቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ ሲነገር ሰምቻለሁ። ጽድ የሚተክል ጥላውን ለልጅ ልጁ ይተክላል እንጂ ‘ለመስቀል ትጠለላላችሁ’ አይልም። ቀን የቆረጥህልን አንተ ነህ።

“የሰዎቹንም ከተማ ተመልከት። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. እዚህ ታች ጦር ኃይሎች ደረሰ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቦሌ ላይ 62 ሺህ ተመልካች የሚይዝ የአደይ አበባ ስታዲየም ተጀመረ። እሱ ግን ምንዛሪ እየጠፋ፣ ዋጋ እየናረ ዓመታት ነጎዱበት። የእንስሳ ስም የተሸከሙት የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድኑ ዋልያዎችም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ተጫወቱ። ደጋፊ መዘግየት ያሳዝነዋል፤ የዘገየበትን ምክንያት አለማወቅ ግን እርስ በርስ ያባላዋል።”

የአያ ጃርት እሾህ ቀስ እያለ ተኛ። “ማሩ አልቋል” አለ። “ሽመላዎቹ ዋጋ ጨምረው ባለፈው መስከረም የብረቱን ግማሽ ብቻ አምጥተው ሄዱ። ብናገር ሌባ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ሌባ አላችሁኝ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ ጃርት በየቅዳሜው ጽዱ ሥር ቆሞ የተሠራውን፣ የቀረውንና የጎደለውን ይናገር ጀመር። ብረቱ ተሟልቶ እስኪገባም ሌላ ቀን እንዳይቆርጥ ተስማሙ። ንቦች ማር እንጨምራለን አሉ፤ ግን ገቢና ወጪው በአደባባይ ይቆጠር አሉ። ምሰሶ ሲቆጥር የኖረው ቁራ ማር ቆጣሪ ሆነ። አያ ጅቦም ጉልበቱን ድንጋይ በማመላለስ ላይ አዋለው።

ሐዲዱ ሲያልቅ አያ ጅቦ “ልጆቹ ዛሬውኑ ይሳፈሩ” አለ። ፍልፈል ግን በልጆቹ ክብደት ልክ አሸዋ በጆንያ አስሞላና ሠረገላው ላይ ጫነ። ሠረገላው ከመጀመሪያው ጉብታ ተወርውሮ ወረደ፤ ሁለተኛውን መውጣት አቅቶት ግን ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የታችኛው መንደር “የኛ ጉብታ ከላይኛው ለምን ያንሳል?” ብሎ ስለተሟገተ ሁለቱ እኩል ተሠርተው ነበር። ሠረገላው ግን ሞተር የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመጀመሪያው ከፍታ ሲወርድ ነው፣ እሱንም ነፋስና ሰበቃ ይቀንሱበታል። ስለዚህ ሁለተኛው ጉብታ ዝቅ እንዲል ተወሰነ። ሥራው እንደገና ዘገየ፤ ጆንያዎቹ ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ በዓይኑ ያየ ሁሉ ግን “ይዘግይ” አለ።

በመጨረሻ ግልገሎቹ ተሳፈሩ። ሚዳቋው ግን አድጎ ወንበሩ ጠቦት ነበር፤ ታናሽ እህቱን አስቀምጦ ከአጥሩ ዳር ቆመ። አያ ጃርት ቀርቦ “ያንተን ልጅነት ልመልስልህ አልችልም” አለው። ሚዳቋውም “ለመጪዎቹ ልጆች እውነቱን በጊዜው ንገራቸው” ሲል መለሰለት።

የተረቱ ምክር ይህ ነው። አፈር ያብጣል፣ ማርም ያልቃል፤ ሥራም በዚህ ይዘገያል። እውነት ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብረት አይደለምና የሚዘገይበት ምክንያት የለም። የምትገነባ ሆይ፣ ቀን ከመቁረጥህ በፊት መሬቱን መርምር፤ የቆረጥኸው ቀን ሲያልፍም ወጥተህ ተናገር። የምትደግፍ ሆይ፣ ሐሜቱን ከመቀበልህ በፊት የሚቆፍረውን ጠይቅ። የልጅ ዕድሜ ብረት እስኪመጣ አይቆምም።