ለንደን ሲሉኝ መንደር ገባሁ

እታለም፣ እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር ድንች በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ለባሻ ንገሪያቸው፤ «ለንደን ገባ» ብለው ለሰፈር ያወጁለት ልጅ ፒነር የምትባል መንደር ነው የተሸጎጠው። ከመሀል ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት፤ ነዋሪው ግን ሞቶ «ከተማ» አይላትም።

እሑድ በመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳቋርጥ ቀና ብል፣ የሬሳ ሣጥን! መሬት ላይ እንዳይመስልሽ፤ ከረጅም የድንጋይ ሐውልት ወገብ ላይ፣ ጫፉ በዚህም በዚያም ወጥቶ። ሳማትብ አንዲት አሮጊት ደረሱብኝ። «አይዞህ፣ የላውደን ቤተሰብ ናቸው» አሉኝ። ልጃቸው ጆን ላውደን፣ ስመ ጥሩው የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ፣ ለእናት ለአባቱ ያቆመው ነው። ሟቾቹ ከመሬት በላይ እስከቆዩ ድረስ ሀብቱ ከዘር አይወጣም ይላል የመንደሩ ወሬ። ይህን ለጋሼ ትንፍሽ እንዳትይ! በማግሥቱ አያታችንን ያስወጣቸዋል፤ የጠበቃውንም ሒሳብ ለእኔ ነው የሚልከው። ሣጥኑ ለነገሩ ለታይታ ነው፤ ሰዎቹ ከሥር ተቀብረዋል።

ልሰናበት ስል ሴትዮዋ ለካ ገና መጀመራቸው ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ በፈረንጆቹ 1336 ፒነር ገበያ እንዲቆምባት ፈቅደውላት፣ እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ይጨፈርባታል። «ያኔ እኛ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ነበሩን» ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ ዝም ብል ባሻ ይቀየሙኛል። ማን ይስማኝ? 1885 ደርሰዋል፣ ባቡሩ መጥቷል። የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያ መቼም ነጋዴ ነው፤ በሐዲዱ ዳር ቤት እየሠራ ሸጠ፣ በ1915 ደግሞ አካባቢውን «ሜትሮላንድ» ብሎ ሰይሞ ንጹሕ አየር ቸበቸበ። ቤት የገዛው ሁሉ ጠዋት ማታ ቲኬት ገዢ ሆነለት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እርሻው በቤት ተሞላ። ቤቶቹ መንትያ ስለሆኑ ማታ የራሴን የምለየው በቁጥሩ ነው።

በዚያ ብርድ ለምን ቆምክ ትይኝ ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ሻጭ በቀር ያናገረኝ ሰው አልነበረም። እሳቸውም የሚሰማቸው ያገኙ አይመስለኝም። ዓይኔ ያለቀሰው ግን በነፋሱ ነው፤ እማዬ ጋ ሌላ ወሬ እንዳታደርሺ።

በኋላ ሻይ ጋበዙኝ። እኔም የላክሽልኝን ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። እንደ አንቺው ሽሮ ጓጉሎ ነበር፤ «የአገራችን ደንብ ነው» አልኳቸው።

ወንድምሽ