የዓጣርድ የኋልዮሽ ጉዞና የሰበብ አቅርቦት

ዓጣርድ፣ በዘመኑ አጠራር ሜርኩሪ፣ ከፕላኔቶች ሁሉ ትንሹና ለፀሐይ የቀረበው ሲሆን፣ በምዕራባውያን ኮከብ ቆጠራ ግን ከቁመቱ ጋር የማይመጣጠን ኀላፊነት ተሸክሞ ይገኛል። የሮማውያን የመልእክትና የንግድ አምላክ ስም ስለተሰጠው ደብዳቤም፣ ውልም፣ መንገድም፣ በኋላ የመጣው ሞባይልም በሥሩ እንዲተዳደሩ ተወስኗል፤ ያው አምላክ የሌቦችም ጠባቂ እንደነበረ ኮከብ ቆጣሪዎች እምብዛም አያነሡም።

ይህ ፕላኔት በዓመት ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ፣ በየተራው ለሦስት ሳምንት ያህል ከከዋክብት አንጻር ወደ ኋላ ሲሄድ ይታያል፤ የኋልዮሽ ጉዞ የሚባለው ይህ ነው። ዓጣርድ ፀሐይን በ88 ቀን ስለሚዞር በየ116 ቀኑ ገደማ ምድርን ደርሶባት በውስጥ በኩል ያልፋታል፤ በስታዲየም የተቀመጠ ተመልካች ማዶ ሳለ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ ያየውን አትሌት፣ ከፊቱ ሲደርስ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ያየዋል፣ ነገር ግን ሯጩ ሐሳቡን ቀየረ ብሎ ውል ከመፈረም የታቀበ ተመልካች እስካሁን አልተሰማም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረው ቶለሚ ነገሩን ያብራራው በክብ ላይ ክብ እየደረበ ነበር፤ ከሁሉም የተወሳሰበውን ስሌት የጠየቀውም ይኸው ዓጣርድ ነው። ኮፐርኒከስ በ1543 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፀሐይን መካከል ላይ አስቀምጦ የኋልዮሹ ጉዞ የዕይታ ጉዳይ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ዜናው ለኮከብ ቆጣሪዎች የተላከው በዓጣርድ በኩል ስለሆነ እስካሁን መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በሊቃውንቱ ምክር መሠረት በእነዚህ ሳምንታት ውል አይፈረምም፣ ኮምፒውተር አይገዛም፣ አዲስ ነገር አይጀመርም፤ የቀድሞ ፍቅረኛም ብቅ ይላል። ለዚህ የመጨረሻው ማስረጃው የማያሻማ ነው፤ ሁለት ዓመት ድምፁን ያጠፋ ሰው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «ጠፋሽ እኮ» ብሎ ይጽፋል፣ ጥፋቱም ወደ ሰማይ ይላካል። በጉዞው ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ሳምንት ገደማ የሚቆይ «ጥላ» የሚባል ጊዜ ስላለ፣ አንዱ ዙር ሰባት ሳምንት፣ ሦስቱ ዙር ደግሞ ሃያ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ከዓመቱ አርባ በመቶ ነው። ከአስር ብልሽት አራቱ በዚህ ጊዜ ቢደርስ ትንቢቱ ሠመረ ይባላል፣ ባይደርስም ጥንቃቄው ጠቀመ ይባላል። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ዓመቱን ሙሉ በማይቋረጥበት መስኮት ፊት ለተሰለፈ ባለጉዳይ ግን የእነዚህን ሳምንታት ልዩነት መመዝገብ አዳጋች ይሆንበታል።

የአገሩ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ፣ ዐውደ ነገሥት፣ ዓጣርድን በስም ቢያውቀውም ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። የባለጉዳዩና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተመንዝረው ይደመራሉ፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ ማለትም ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እየተነሣለት ቀሪው ኮከቡን ያመለክታል። ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት ስለማያስፈልግ ፕላኔቱ ወደ ፊት ሄደ ወደ ኋላ ሒሳቡ አይናጋም፤ በዚህ ረገድ ሥርዓቱ ከምዕራቡ ይልቅ የተረጋጋ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፣ ፋይልን በሁለት ቦታ ማስቀመጥና ውልን ሁለት ጊዜ ማንበብ የሚሉት ምክሮች ዓጣርድ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ስለሚሠሩ ተቃውሞ አይቀርብባቸውም። ፊርማን ስለማዘግየት ግን፣ የኪራይ ውል ማደሻው ሲደርስ አከራዩ ፕላኔቱ እስኪመለስ ይታገሣል የሚለው ግምት መሠረት ያለው አይመስልም። ከዚህ የሚከብደው በቀሪዎቹ ሠላሳ አንድ ሳምንታት ለሚወድቅ ሞባይል ተጠያቂ ማግኘቱ ነው፤ ለዚህም ዝሁራ የተባለችው ቬነስ በየ19 ወሩ፣ መሪኅ የተባለው ማርስ በየ26 ወሩ ገደማ የኋልዮሽ ስለሚሄዱ፣ ተረኞቹ ተመድበዋል።