ውክልናም ይሞታል

ልደታ በጠዋት የሚወርድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ማርያምን ሊሳለም የሚሄድና ወንድሙን ሊከስ የሚሄድ። የአክስቴ ልጆች ሁለቱንም ባንድ ጉዞ ጨረሱት። ደጀ ሰላሙን ተሳልመው፣ ለየራሳቸው ተስለው፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ተኮራርፈው ቆሙ። እኔ የሁሉም ዘመድ ስለሆንኩ ፋይል ተሸካሚ ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ እቴቴ በሕይወት ሳሉ ለትልቁ ልጃቸው ውክልና ሰጥተውት፣ የሰርቪስ ቤቶቹን ኪራይ ይሰበስብ ነበር። እቴቴ አረፉ፣ ተዝካሩ ወጣ፣ ኪራይ መሰብሰቡ ግን ቀጠለ። ታናሾቹ ሒሳብ ሲሉት "እማዬ አደራ ያለችው እኔን ነው! ሌባ ልትሉኝ ነው?" ብሎ ይነሳል። ሽማግሌ ገባ፤ ቡናው ተጠጣ፣ ነገሩ እንዳለ ቀረ። በመጨረሻ ታናሽቱ "በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች" ብላ ጠበቃ ያዘች።

የወራሽነት ማስረጃው ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት መጣ፤ ክርክሩ ልደታ ምድብ ችሎት ዋለ። የተለጠፈው የቀጠሮ ዝርዝር ፊት ግፊያ ነው። አንዱ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ የመዝገብ ቁጥር በጣቱ ይፈልጋል። ችሎት ገብተን ስማችን ሲጠራ እኔም አብሬ ተነሳሁ።

"አንተ ከሳሽ ነህ ተከሳሽ?" አሉኝ ዳኛዋ።

"ፋይል ተሸካሚ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።"

"ተቀመጥ!"

ትልቁ በላስቲክ ያስለበሰውን ውክልና በኩራት አወጣ። የታናሽቱ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ "ወካይዎ መቼ አረፉ?" በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2232፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል ይላል። ያ ሁሉ ላስቲክ የለበሰው ወረቀት ከእቴቴ ጋር ተቀብሯል። ከሞት በኋላ ንብረቱ የውርስ ነው፤ አጣሪ ኑዛዜ ይፈልጋል፣ ንብረት ይመዘግባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ የተረፈውን ለወራሾች ያስረክባል። ወካይ በሕይወት ሳለም ቢሆን አንቀጽ 2208 ተወካዩን ፍጹም ቅን እንዲሆን ያስገድደዋል።

አጣሪ ተሾመ፤ ትልቁ ሒሳቡን እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጠርዙ በቅባት የወዛ ደብተር አመጣ፦ "የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የተዝካር በሬ፣ የቦታ ግብር።" ታናሽቱ ገጽ በገጽ አነበበችው። ገንዘቡ በአብዛኛው እዚያው ቤት ላይ ውሏል! "ይኼን ደብተር ለምን ቀደም ብለህ አላሳየኸንም?" ብትለው፣ "ማን በደግ ጠየቀኝ?" አላት።

እንግዲህ የሰው ንብረት በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ሳትጠየቁ ደብተራችሁን አሳዩ። ጠያቂዎችም ሳታኮርፉ ጠይቁ። ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ የቀሩትን ሰርቪሶች ጣሪያ ያለብስ ነበር።