«ሽቦ ሽቦ ነው» ላልከኝ ባለጀልባ

«ሽቦ ሽቦ ነው፤ ለኤስኤስቢ ሬዲዮዬ ያገኘሁትን ግራውንድ አድርጌ አስራለሁ» አልከኝ። አንቴናህንስ ያገኘኸውን አሰርክ? ምሰሶውን ከኋላ የወጠረው የብረት ገመድ የአንቴናህ አንዱ ግማሽ ነው፤ ግራውንዱ ደግሞ ሌላው ግማሽ። ግማሹን መርጠህ ግማሹን ለዕድል አትተው።

«ገመዱ ወፍራም ነው፤ ቴስተሩም ዜሮ ኦም አለ!»

ቴስተርህ የሚያውቀው የባትሪን ከረንት ነው። ሬዲዮህ የሚልከው ግን በሰከንድ 8 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለሰውን ነው። እሱ የመዳቡ ሆድ ውስጥ አይገባም፤ ወደ 0.02 ሚሊሜትር ብቻ ጠልቆ ላዩን ላዩን ይሄዳል። ላዩን ካላሰፋህለት ውፍረቱ ምን ያደርግለታል? ተራ ሽቦ 2 ሜትር ከረዘመ፣ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ከ100 ኦም በላይ ይከለክለዋል። 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ስስ የመዳብ ጥብጣብ ግዛና ከቲዩነሩ ሥር ጀምረህ ባጭሩ መንገድ ዘርጋው። ስፋቱ ክልከላውን ይቀንሰዋል፤ ማሳጠሩ ደግሞ የባሰ ይቀንሰዋል።

«የተጎነጎነው ይሻለኛል፤ እንደ ልብ ይተጣጠፋል።»

ይተጣጠፋል፤ ጨውም ይጠጣል! በጉንጉኑ ውስጥ እያንዳንዱ ክር አንዴ ላይ አንዴ ታች ይላል፤ ከረንቱ ላዩን ሳይለቅ ለመሄድ ከክር ክር መሻገር አለበት። አዲስ ሳለ ይሻገራል። ዓመት የባሕር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ጫፉን ፍታና በጥፍርህ ፋቀው፤ አረንጓዴ ዱቄት ይረግፍልሃል። መሻገሪያውን የዘጋው እሱ ነው።

«ጥብጣቡን ከጀልባው ሥር ካለው ነሐስ ላይ ልሰረው?»

እሰረው፤ ከባሕሩ ጋር የሚያገናኝህ እሱ ነው። ግን የባትሪ ከረንት በዚያው ሾልኮ ነሐሱን እንዳይበላው ጥብጣቡን አንድ ቦታ ቁረጠውና በ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች አገናኘው። ሬዲዮው ያልፋል፤ ባትሪው ይቀራል።

«ለቪኤችኤፉስ?»

አትድከም። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው የቪኤችኤፍ አንቴና አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሞገድ ነው፤ ይህ ሁሉ መዳብ አያስፈልገውም።

«እሺ፣ ከጉዞ ስመለስ እሠራዋለሁ።»

8291 ኪሎኸርዝ በድምፅ የድረሱልኝ ጥሪ የሚተላለፍበት ነው፤ ጥሪው የሚያስፈልግህ ከመመለስህ በፊት ነው። እባክህ፣ ወደብ ሳለህ ዘርጋው።