ሐሙስ ገበያ፣ ሐሙስ ሸንጎ

መንግሥታችን በዕቅድ የሚመራ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ሕገ መንግሥቱን ይግለጥ። አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ እንዲጀምርና ሰኔ 30 እንዲዘጋ፣ በመካከሉም አንድ ወር እንዲያርፍ ያዛል። የመክፈቻው ቀን ተቆርጧል፣ የዕረፍቱም ርዝመት ተቆርጧል። የቀረው ሕጉ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲደርስ ይደርሳል።

በመክፈቻው ዕለት ፕሬዚዳንቱ ለሁለቱም ምክር ቤቶች የዓመቱን አቅጣጫ ያነባሉ። ንግግሩ ረዥም ነው፤ መርዘሙም ደግ ነው፣ የትኛው አዋጅ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ለመናገር ጊዜ አያስተርፍም። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ሚኒስትሮች ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ይመሩታል፣ ቋሚ ኮሚቴው በዝርዝር ያየዋል፣ እጅ ይወጣል።

ይህን አሠራር በአማራ ክልል የሐሙሲት ከተማ እህል ነጋዴ ቢሰማ ግር ይለዋል። ገበያው ሐሙስ ስለሆነ ረቡዕ ማታ ማዳበሪያውን ሰፍቶ፣ ሚዛኑን ፈትሾ ያድራል። የዙሪያው የደራ ወረዳ ገበሬም ጤፉን በአህያ ጭኖ ሐሙስ ማለዳ ይገባል እንጂ ዓርብ መጥቶ «ገበያውን በአስቸኳይ ጥሩልኝ» አይልም። ኋላ ቀርነት ነው መቼስ።

ምክር ቤታችንም ሐሙስን ይወዳል። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ የጸደቀው ሐሙስ፣ ሰኔ 27 ቀን 2016 ነበር። በ25ኛው ቀን፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጀቱ የተሰላበት ብር ሌላ ብር ሆነ። ሰኔ ላይ ይህ እንደሚመጣ የሚያውቅ አንድም ባለሥልጣን አልነበረም ብለን እናምናለን፤ እምነታችን ጽኑ ነው። ኅዳር 19 ቀን 2017፣ አሁንም ሐሙስ፣ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ «ተጨማሪ» በጀት ጸደቀ። ነጋዴያችን ኩንታል ጤፍ ሸጦ ከግማሽ ኩንታል በላይ ምርቃት የጨመረበት ሐሙስ ትዝ አይለውም።

ምክር ቤቱን ዘገምተኛ የሚል ግን ሐሰተኛ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያወጣ ተወካዮቹ ዕረፍት ላይ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ 15 ቀን ይሰጣቸዋል። እነሱ ግን ነሐሴ 8 ተጠራርተው፣ በዚያ ክረምት፣ አጸደቁት። ጥር 24 ቀን 2016 ደግሞ አራት ወር ጨመሩለት፤ ቀን ተዛነፈ ብሎ የሚከሳቸው የለም። በ1952 የወጣውን የንግድ ሕግ በከፊል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243 የመጣው በ2013 ነው። ነጋዴው የራሱን ሕግ 61 ዓመት ጠበቀ፤ ሰዓት እላፊ የሚፈቅደው አዋጅ ግን በ10 ቀን ጸድቆ ደጁ ድረስ መጣለት። ታዲያ የአገሬ ሰው ተረሳሁ ሊል ነው?

እንግዲህ ለመጪው የሥራ ዘመን አንድ ትሑት ሐሳብ አለኝ። ዝርዝር የሕግ መርሐ ግብር አውጡ ብዬ አላስቸግርም፤ ተጨማሪ በጀቱ ብቻ ከዋናው ጋር በአንድ ጥራዝ ይታተም፣ የማጽደቂያው ሐሙስም ሽፋኑ ላይ ይጻፍበት። ቢያንስ ወረቀት ይቆጥባል።