አንድ ካራት

«እማዬ፣ አልማዝ ልገዛ ነው።»

ስልኩ ለአፍታ ጭጭ አለ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ ከአዲስ አበባ እኔ እስካለሁበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«የትኛዋን አልማዝ?»

አልፈርድባትም። በሰፈራችን አልማዝ ማለት ሰው ነው። ረጅሟ አልማዝ አለች፣ የሻምበሉ አልማዝ አለች፣ ባለሱቋ አልማዝ አለች። ድንጋይ የሆነ አልማዝ አይተን አናውቅም፤ ዱቤ ስትጠየቅ የባለሱቋ አልማዝ ልብ ካልተቆጠረ በቀር።

ለቀለበት የሚሆን ድንጋይ መሆኑን አስረዳኋት። እጮኛዬን በስልክ ታውቃታለች፣ ትወዳታለች፤ እልል አለች። ይሁን እንጂ እናቴ በጌጥ ጉዳይ በእልልታ ብቻ የምትሸኝ ሴት አይደለችም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ስትገባ ሻጩ ሚዛኑን ደግሞ የሚወለውልላት ዓይነት ናት።

«ስንት ካራት ነው?»

«አንድ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«አንድ?»

«አንድ ሙሉ ካራት!»

«ውይ ልጄን! አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመምህር ደሞዝ 21 ካራት ነው ያሰረልኝ። አንተ አሜሪካ ድረስ ሄደህ አንድ? ከሥራ ወጥተህ ከሆነ ንገረኝ፤ አልቆጣም።»

ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የቃሉ ነው። የወርቅ ካራት ጥራት ነው፤ ንጹሕ ወርቅ 24 ይባላል፤ 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ማዕድን ማለት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው። አሜሪካኖቹ አንዱን በ«ኬ»፣ ሌላውን በ«ሲ» ፊደል እየጻፉ ተገላገሉ። እኛ ለሁለቱም ያለችን አንዲት «ካ» ናት።

«እሺ፣ ክብደቱስ ስንት ግራም ነው?»

«0.2።»

«ሁለት ግራም?»

«ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ እማዬ። አንዱ ግራም ለአምስት ሲካፈል።»

«ልጄ» አለችኝ፣ ለታመመ ሰው በምታወራበት ድምፅ፣ «በርበሬ ሲመዘን እንኳ ይህን ያህል ሚዛኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እንዳይሸውዱህ።»

እናቴን በክብደቱ ሊያረካት የሚችል አልማዝ ባነብ ባነብ አንድ ብቻ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘው ከሊናን ነው፤ 3,106 ካራት፣ ማለትም 621 ግራም ገደማ። ከግማሽ ኪሎ ያልፋል፤ ይህ እንኳ ሚዛን ላይ ያምራል። ወደ ለንደን ሲላክ በጥበቃ የተከበበ ማታለያ ዕቃ በመርከብ ተጭኖ፣ እውነተኛው ድንጋይ በተራ ፖስታ ተላከ። እኛ ግማሽ ኪሎ ሽሮ የምትይዝልን መንገደኛ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ስልክ እንደውላለን።

ወደዚህ ጣጣ ያስገባኝ ዕቁብ ነው። ወጣልኝ። በዚያው ማምሻ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ አማከረኝ፤ የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ደግሞ የማያማክረው ነገር የለም።

«ሽማግሌ ላክ፤ እሱ ለቤተሰቧ ነው። ለእሷ ግን አልማዝ ይዘህ ትንበረከካለህ።»

እኔ በዕድሜዬ የተንበረከክሁት በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ በስግደት ጊዜና የሒሳብ አስተማሪያችን የቤት ሥራ ሲጠይቀን።

«ስንት ያወጣል?»

«ደንቡ የሁለት ወር ደሞዝ ነው።»

ደንብ ሲባል ከፍትሐ ነገሥት የተወሰደ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። በኋላ ነው ደንቡን ያወጣው ሻጩ ራሱ መሆኑን የደረስኩበት። ደ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማስታወቂያው ለአሜሪካኖች ሁለት ወር፣ ለጃፓኖች ሦስት ወር እያለ ተመነ፤ ሰዉም አሜን አለ። ለፋሲካ በግ የተጠራውን ዋጋ በግማሽ ሰብረን የምንጀምር ሰዎች ይህችን ያለ ክርክር ዋጥናት።

«አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውም የዚያው ቤት ሥራ ነው። ዓረፍተ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1947 የጻፈችው ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ጸሐፊ ናት። ራሷ ዕድሜዋን በሙሉ አላገባችም፤ ከሁላችን የተሻለ ሳታውቅ አልቀረችም። ዘላለማዊነቱንም ቢሆን ፈረንሳዊው ላቮዚየ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1772፣ ፈትኖት ነበር። የፀሐይን ብርሃን በትልቅ ሌንስ ሰብስቦ አልማዝ ላይ ቢያሳርፍበት አልማዙ እንደ ከሰል ነደደና ጋዝ ሆኖ በነነ። አልማዝና ከሰል ሥራቸው አንድ፣ ካርቦን ነው። ይህን ለእናቴ ላለመንገር ወሰንኩ። ቡና ባፈላች ቁጥር «የልጄ ቀለበት እየነደደ ነው» ማለቷ አይቀርም።

እንግዲህ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሻጩ ከረባት ያሰረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ንስሐ አባት የሚመስል ሰው ነው። አልማዝ በአራት ነገር እንደሚመዘን አስተማረኝ፤ በክብደት፣ በቀለም፣ በጥራትና በአቆራረጥ።

ቀለም ያለው የቀለምን አለመኖር ነው። ምንም ቢጫነት የሌለው ድንጋይ «ዲ» ይባላል፤ ከዚያ ፊደሉ እስከ «ዜድ» ይወርዳል።

«ይህ ዲ ነው» አለኝ፣ የምሥራች እንደሚያበስር።

እኔ ባደግሁበት ቤት ዲ ይዞ የገባ ልጅ እራቱን በልቶ አይተኛም። ለካ ቀድሞ ነጋዴው ሁሉ ድንጋዩን በየፊናው «ኤ» እና «ድርብ ኤ» እያለ ሲያሞግስ፣ የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ያንን ሁሉ ጥሎ ከአዲስ ፊደል ጀምሮ ነው። በዓለም ላይ በዲ የሚኮራ ተማሪ አልማዝ ብቻ ነው። የሚገርመው ግን ጥቂት ፊደል ወረድ ያለ ድንጋይ ቢጫ ወርቅ ላይ ሲቀመጥ ለዓይን ነጭ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ፊደሉ ይወርዳል።

ጥራት ደግሞ እንከን ፍለጋ ነው። ድንጋዩን አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ያዩታል፤ ነጠብጣብ፣ ስንጥቅ፣ ደመና ይለቅማሉ። ሻጩ መነጽሩን ሰጠኝና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ምንም አይታየኝም። «እዚያ ጥግ ላይ» አለኝ። አሁንም ምንም። ያ እኔ ያላየሁት ነገር ዋጋውን በብዙ መቶ ዶላር ቀንሶታል። በእኛ ባህል እንከን የሚፈለገው በሙሽራው ዘር ነው፤ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ይደርሱበታል፣ ያውም ያለ መነጽር። እንግዲያው በባዶ ዓይን የማይታይ እንከን የሙሽራዪቱን ደስታ አይነካም ብዬ ደመደምኩ።

ክብደትን አስቀድመን ጨርሰነዋል፤ የቀረችኝ ምስጢር አንዲት ናት። አንድ ካራት የሞላ ድንጋይና አንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጣት ላይ አይለዩም። ዋጋው ግን ቁጥሩ ሲሞላ ይዘላል። ሰው ለድንጋይ ሳይሆን ለቁጥር ይከፍላል።

ከአራቱ ሦስቱን የሠራው ምድር ነው። የሰው እጅ ያለበት አራተኛው፣ አቆራረጡ ነው፤ ድንጋዩን የሚያበራውም እሱ ነው። ክብ ሆኖ የተቆረጠ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጽ አለው። ብርሃን በላይ ገብቶ ታች ካሉት ገጾች ጋር ይጋጭና ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ ከአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የተወለደ ሰው ልኩን በሒሳብ አስልቶ እ.ኤ.አ. በ1919 አሳተመው። ድንጋዩ ከልኩ ከጠለቀ ወይም ከሳሳ ብርሃኑን እንደ ቀዳዳ እንስራ ውኃ በታች ያፈሳል። ትልቅ ሆኖ የፈዘዘ አልማዝ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ቆራጩ ክብደት እንዳይጎድልበት ሳስቶ ብርሃኑን ሠዋው። ስለዚህ ገንዘብ ያነሰው ሰው ከክብደት ይቀንስ፣ ከአቆራረጥ ግን አይቀንስ። ከሦስት ወር ትምህርቴ ያተረፍኩት ቁም ነገር ይኸው ነው።

«በቤተ ሙከራ የተሠራም አለን» አለ ሻጩ፣ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ። ዋጋውን ስሰማ የእኔ ድምፅ ከፍ አለ። የማዕድኑ አልማዝ ከመሬት በታች 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተፈጥሮ፣ አብዛኛው ከቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ይወጣል፤ የቤተ ሙከራው በሳምንታት ይደርሳል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተሳካለት ወዲህ ሙያው ተስፋፍቷል። የሐበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ ነው በሉት። የፈረንጅ ዶሮን ግን እናቴ ገና ከመጀመሪያው ጉርሻ ትለያለች፤ ሁለቱን አልማዞች ሻጩ ራሱ በመነጽሩ አይለያቸውም። ካርቦኑ አንድ፣ ጥንካሬው አንድ ነው፤ የሚለያቸው የላቦራቶሪ መሣሪያና ደረሰኙ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ከሰው ጋር መኖር አቃተኝ። የሰው ፊት ማየት ትቼ ጣት ማየት ጀመርኩ። አልማዝ ሙቀት ቶሎ ስለሚያሳልፍ፣ ሲተነፍሱበት ጉሙ ወዲያው እንደሚጠፋ ብርጭቆ ላይ ግን እንደሚዘገይ አንብቤ ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት የአንዲት እናት እጅ ጨብጬ ሳለ ቀለበታቸው ብልጭ ሲል አላስቻለኝም፤ ጎንበስ ብዬ «ሁህ» አልኩበት። ጉሙ ቆየ። እሳቸው ግን እጃቸውን የሳምኩ መስሏቸው «ያሳደጉህ ይባረኩ፤ እንዳንተ ያለ ጨዋ ዛሬ የት ይገኛል» ብለው መረቁኝ። እዚያው ለቅሶ ቤት ውስጥ ተሸማቅቄ ቁጭ አልኩ።

የቀረኝ የጣቷ ልክ ነው። እጮኛዬ ነርስ ናት። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሲጥላት፣ ጥቁር ክር ይዤ በዳዴ ተጠጋሁ። ክሩን በቀለበት ጣቷ ዙሪያ ጠቅልዬ ምልክት ላደርግ ስል አንድ ዓይኗ ተከፈተ።

«ምንድን ነው የምታስርብኝ?»

«ም… ምንም።»

«ጠንቋይ ቤት መሄድ ጀመርክ?»

የዕቁቡን፣ የታክሲ ነጂውን፣ የዲውን፣ የ57ቱን ገጽ ነገር ሁሉ ዘረገፍኩ። እየሳቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አራቱን ነገር ሁሉ አጥንተሃል» አለችኝ። «አምስተኛዋን፣ እኔን፣ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ከዚያ ሻጩ ያላስተማረኝን በአምስት ደቂቃ አስተማረችኝ። በአንድ ፈረቃ ስንት ጊዜ ጓንት አድርጋ እንደምታወልቅ ቁጥሩን አታውቀውም። ከፍ ብሎ የቆመ ድንጋይ ጓንት ይቀዳል፣ የታማሚ ቆዳ ይጭራል። ድንጋዩን የያዙት ጥፍሮች ከላሉ ደግሞ አንድ ቀን ከቆሻሻ ጋር አብሮ ይሄዳል። አልማዝ አይጫርም እንጂ አይሰበርም ማለት እንዳልሆነ፣ በትክክለኛው ጎኑ ከተመታ እንደሚሰነጠቅም የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እሷ የጠየቀችኝ ያንን ብቻ ነው። የፈለገችው ድንጋዩ ወርቁ ውስጥ ተቀብሮ ከላይ ልሙጥ የሆነ ቀለበት ነው።

«የአገራችን ኦፓልስ?» አልኳት። ደላንታ ውስጥ፣ ወገልጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው፣ ቀስተ ደመና የዋጠ የሚመስለው ድንጋይ ሁልጊዜ ዓይኔን ይስበዋል። እሱንም መለሰችልኝ። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ከአልማዝ አንጻር ለስላሳ ስለሆነም በቀላሉ ይጫራል። ቀኑን ሙሉ እጇን ለምትታጠብ ሴት ቦታው ጣት ሳይሆን አንገት ነው። ስለዚህ ባለ 18 ካራት ወርቅ ቀለበት አሠራን፤ መሐሉ ላይ በደንብ የተቆረጠች የሩብ ካራት አልማዝ ተቀበረች። በዕቁቡ ትርፍ ለአንገቷ ኦፓል ገዛን፤ አሁንም ተረፈ። ለመንበርከኩ ተንበረከክሁ፤ የቤት ሥራዬን ስለሠራሁ ጉልበቴን አላመመኝም።

አዲስ አበባ ላይ ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ። ለእናቴ ደወልኩና ይህን ጊዜ ከወርቁ ጀመርኩ።

«ስንት ካራት?»

«18፣ እማዬ።»

«ከአባትህ 21 ቢያንስም ከአንድ ይሻላል። ስንት ግራም?»

«አራት።»

«ተባረክ! አሁን ሰው ሆንክ። አልማዙስ ቀረ?»

«አለበት፣ እማዬ። አልማዝም አለበት።»

በሳምንቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፤ «ልጄ ለሚስቱ 18 ካራት አልማዝ አሰረላት!» 18 ካራት አልማዝ 3.6 ግራም ድንጋይ ነው፤ የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ዕቁብ በሙሉ ለእኔ ቢወጣ እንኳ አልደርስበትም። ላርማት ፈለግሁ፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት ስሰማ ተውኩት። እናንተም በሰፈራችን በኩል ካለፋችሁ አደራ፣ አታርሟት።

ትናንት ማታ ባለሱቋ አልማዝ በእናቴ ስልክ ደወለችልኝ። መረቀችኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፤ ቀጥላም ከአገር ስወጣ ደብተሯ ላይ የቀረችውን የ340 ብር ዱቤ አስታወሰችኝ። ዛሬ ጠዋት ላኩላት። 18 ካራት አልማዝ ያሰረ ሰው በ340 ብር አይከራከርም።