የሰው መጽሐፍ

«መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የተዋሰውን የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ» ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው በሁለተኛው ሞኝ ሲስቅ አንድ ነገር አልታየውም፤ መጽሐፉን ጀምሮ የሚጨርሰው ይኸው የሚመልሰው ሞኝ ነው። ብልጡማ ወስዶ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎታል፤ «ዋናው እጄ መግባቱ ነው፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ» እያለ ነው። ቀስ ማለቱን ችሎበታል።

ይህን የምለው ከብልጦቹ ወገን ሆኜ ኖሬ ስላየሁት ነው። ንባብ ጥሎኝ በሄደበት ዘመን መጽሐፍ አልጎደለብኝም። ለገሃር በሄድኩ ቁጥር አንድ ሁለት ይዤ እመለሳለሁ፤ አዟሪ ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ሲመጣ ካየሁ ኪሴ አይችልም። እንግዳ ቤቴ ገብቶ መደርደሪያውን ሲያይ «ይሄን ሁሉ አንብበኸው ነው?» ይለኛል። «ሁሉንም እንኳን አይደለም» እላለሁ። ቃል በቃል እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ቢያቆሙኝ የምምልበት።

በዚያ ላይ ቴሌግራም አለ። ፒዲኤፍ የሚለቁ ቻናሎችን ተቀላቅዬ ያገኘሁትን ሁሉ አወርዳለሁ። ስልኬ «ቦታ የለኝም» ብሎ ሲያለቅስ የልጆቼን ፎቶ አጠፋለታለሁ እንጂ መጽሐፍ አላጠፋም። ማታ አንዱን ስከፍት ከላይ የአክስቴ ልጅ የላከው ቪዲዮ ብቅ ይላል፤ እሱን አይቼ ልመለስ ስል እኩለ ሌሊት ይሆናል። የወረቀቱን ይዤ አልጋ ላይ የወጣሁ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይቀድመኛል። የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ከእጅ አምልጦ አፍንጫ ላይ ሲያርፍ፣ የሥራውን ክብደት ለመረዳት ሃያሲ አያስፈልግም።

መካሪ ሞልቷል። «በቀን ዐሥር ገጽ ብቻ» አሉኝ፤ ዐሥሩን ገጽ በየቀኑ ለነገ አሸጋገርኳቸው። «ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ» አሉኝ፤ አስቀመጥኩት፣ እኔም እዚያው ክፍል ሄጄ ተቀመጥኩ።

ያዳኑኝ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ የሆኑ ጎረቤቴ ናቸው። ለቅሶ ቤት አጠገባቸው ተቀምጬ ማንበብ እንዳቃተኝ ስነግራቸው፣ ከሚጫወቱት ካርታ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ነገ ቤት ና» አሉኝ። ሄድኩ። መጽሐፎቻቸው ሁሉ በካኪ ወረቀት ተለብጠው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው ቆመዋል። ከመሳቢያ ሰፊ ደብተር አወጡ፤ በማስመሪያ ተሰምሯል። የተዋሽ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ ፊርማ፤ የመጨረሻው ዐምድ «የመጽሐፉ ጤንነት» ይላል። እኔ ቁም ነገር ያለው ታሪክ ቢጤ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ሽፋኑ የተላጠ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠለቅ ያለ ነገር ቢሆን…»

«አንተ መጀመሪያ ጨርሰህ አምጣ፤ መጥለቁ ይደርሳል» ብለው አስፈረሙኝ። ጤንነት በሚለው ሥር «ጀርባው የላላ፣ ሌላው ደኅና» ብለው ሞሉ።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ያዙኝ።

«የት ደረስክ?»

«ጀምሬዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ማን ሞተ?»

ዝም።

«አንተ ልጅ! ሰውየው እኮ በሁለተኛው ገጽ ነው የሞተው!»

ከዚያ በኋላ በዚያ በር ማለፍ ፈተና ሆነ። በኋላ በር ዞሬ መውጣት ጀመርኩ፤ እሱም ሰለቸኝ። ሰውን ከመሸሽ መጽሐፉን ማንበብ ይቀላል ብዬ አንድ ማታ ተቀመጥኩ። የሟቹ ወንድም ስለ ውርሱ ሲዋሽ ነቃሁበት፤ ዘበኛው ለምን በዚያ ሰዓት ውሻውን አሰረው ስል፣ ምድጃ ላይ የተረሳው ሽሮ ገንፍሎ ምድጃውን አዳረሰው። ባለቤቴ ብትቆጣም አልሰማኋትም። ጠዋት እሳቸውን በር ላይ የጠበቅኳቸው እኔ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ዘበኛው ነው አይደል?»

«አልነግርህም» ብለው በደስታ አልፈውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ነገሩን ሳስበው፣ ያነበብኩት መጽሐፉ ስለማይጠብቀኝ ነው። የገዛሁት መጽሐፍ ታጋሽ ነው፤ ታጋሽነቱ ነው የገደለው። ልጆች ሳለን መጽሐፍ በሌሊት ሒሳብ ይከራይ ነበር። መያዣ እናስይዛለን፤ ከነጋ ሒሳቡ ይጨምራል። ሳንቲም አዋጥተን አንድ የይልማ ሀብተየስ መርማሪ ተከራይተን፣ አንድ መብራት ሥር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን እናነብ ነበር። ፈጣኑ ገጽ ሊገልጥ ሲል ቀርፋፋው «ቆይ! ቆይ! አትግለጥ!» ይላል። ቀርፋፋው እኔ ነበርኩ። የመጨረሻው ገጽ ከተቀደደም ችግር የለም፤ ባለ ሱቁ በቃሉ ይጨርስልናል፣ እንደ ደንበኝነታችን። ዱቤ ያለበት ልጅ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ይሞትበት ነበር።

ትልልቆቹ መጻሕፍትም እንደዚያው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አገር ሙሉ ሰው የሰማው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ ሰዓቱ ካለፈህ ባለታሪኩ በዛብህ አይጠብቅህም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ አንባቢው አልተበተነም፤ መጽሐፉ እየተደበቀ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደራሲው በዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ በዚያው ቀረ፤ እዚህ ላይ ቀልድ አልጨምርም። ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን ወፍራም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል፤ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኔ ደግሞ ወንበርም መብራትም እያለኝ ርዕሱን ለመደርደሪያዬ መፈክር አደረግኩት።

የጋሼን መጽሐፎች አንድ በአንድ እየጨረስኩ ስመልስ፣ እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው ጠለቅ ጠለቅ አደረጉልኝ። የእኔ መደርደሪያ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። ሁሌ አንዱን አነሣለሁ፣ የራሴ ነውና እመልሰዋለሁ። በመጨረሻ መላ መታሁ፤ ያላነበብኳቸውን በካርቶን ሞልቼ ለጋሼ ወሰድኳቸው። አንድ በአንድ በካኪ ለበጡ፣ ቁጥር ሰጡ፣ ደብተር ላይ አሰፈሩ። ጤንነት በሚለው ዐምድ ከላይ እስከ ታች «ያልተነካ»፣ «ያልተነካ»፣ «ያልተነካ» እያሉ ሲሞሉ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

አሁን ፈርሜ የምወስደው የራሴን መጽሐፍ ነው። «የስንብት ቀለማት»ን ሳወጣ የመመለሻውን ቀን አጥብቀው ጻፉብኝ። ትንሽ ቀን ቢጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ መጽሐፉ ወፍራም ነው አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰው መጽሐፍ ነው።»